ደመ መራራ

ክንዱን ዘረጋልኝ። አሰርኩት፣ ዳሰስኩት፣
ፈትቼ መልሼ አጥብቄ አሰርኩት፤
ሥር የሚባል የለም። እንደ ነጠፈ ቦይ በጣቴ ሄድኩበት።
«እሱን ተይው» አለኝ ዱካሞ፣ «ድሮ ነው የደረቀ፤
ደሜ የገባበትን ከእኔ ወዲያ ማን አወቀ?»
ከአውራ ጣቱ ግርጌ አንዲት ክር አሳየኝ፣ ስስ፣ ሰማያዊ።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ መርፌ የያዘ እጄ
እንደ ጀማሪ ተማሪ ጣቱን ተከትሎ ሄደ።

ሦስተኛ ምርመራው ነው።
በመጋቢት ነጻ። በሰኔ ነጻ።
ዛሬም ያቺን አንድ መስመር ብቻዋን ቆማ ሳያት
ታናሿን ጠበቅኳት፣
ሃያ ደቂቃ ሙሉ። አልመጣችም።

አራት ነበሩ እነሱ፣
ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ካላለቀው ፎቅ ሥር፣
አንድ መርፌ ለአራት፣ አንድ የለስላሳ ቆርኪ፣ አንድ ሻማ፣
ውሃው ከሐይቁ ዳር በሃይላንድ የተቀዳ።
ላሎ ነበር፣ ባጃጅ የሚነዳ።
ሙጬ ነበር፣ በመዝገብ ስሙ ሲጠሩት የማይዞር።
ታደለች ነበረች፤ ስም አውጪዋን ይማረውና።
ለሦስቱ ሁለተኛዋ መስመር መጣች፣
ቀይ፣ ቀጥ ያለች፣ የማታመነታ።

ሰዉ የወፍ በሽታ ይለዋል፤
ወፍ በላይህ ሲያልፍ ጥላውን ይጥልብሃል።
ላሎ ዓይኑ ሎሚ ሲመስል፣ ሆዱ ሲወጠር እንደ ከበሮ፣
አሞራ ገደል ወርዶ፣ ከዓሣ አጥማጆቹ መሃል፣
አባ ኮዳዎቹን አንድ በአንድ እያየ
«የትኛችሁ ናችሁ?» ይል ነበር አሉ፣ «በላዬ ያለፈው የቱ ነው?»
አባ ኮዳ መልስ የለው።
ራሰ በራ ሽማግሌ፣ ካፖርቱን እንደ ደረበ፣
የሦስት ቀን የዓሣ አንጀት ይውጣል፣ ቆሞ ያንቀላፋል፣
አይታመምም።
ለምን እንደማይታመም ጠይቆት የሚያውቅ የለም።

ዱካሞ ግን ይጠይቀኛል።
«እኔስ? የመጨረሻው ተራ የኔ ነበር፣
የሦስቱም ደም እኔ ላይ ነው የሚያድር።»

ከተማርኩት ቆንጥሬ ነገርኩት፦
አንዳንድ ሰው አለ አልኩት፣
በደሙ ውስጥ ዘብ የቆሙ፣ ሳይታዘዙ የሚነሱ፣
እንግዳው ጉበት ሳይደርስ ከደጅ የሚመልሱ።
«ተፈጥሯዊ ገዳይ» ይባላሉ።
ሳቀ። ጥርሱ ጥቂት ነው ሲስቅ።
«ገዳይ ካለኝስ» አለ፣ «ይሄን ያህል ዓመት ማንን ሲጠብቅ?
ቫይረሱን ካባረረ
ሱሱ ሲገባ የት ነበረ?»

ቆይቶ ደግሞ፦
«ያሳደገችኝ አክስቴ ደመ መራራ ትለኝ ነበር።
ሥራ ገብቼ በሳምንቱ ስባረር፣
ለቅሶ ቤት እንኳ አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ሲቀር፣
‹ደሙ ነው› ትላለች፣ ‹ምን ያድርግ፣ መራራ ነው ደሙ።›
ይኸው በሽታውም ቀመሰኝና ተፋኝ።»

አልሳቅኩም።
ምናልባት ገብቶ ነበር፣ አንድ ሌሊት አድሮ፣
መዝገብ ላይ ሳይፈርም ወጥቶ ይሆናል ተባሮ።
ምናልባትም ዕድል ነው፣ እንደ ሞባይል ካርድ የሚያልቅ።
«ነጻ ማለት» አልኩት፣ «አይነካህም ማለት አይደለም፤
ነገ በዚያው መርፌ…»
«አውቃለሁ» አለኝ። ዓይኑ መስኮቱ ላይ ነው፣ ታቦር ተራራ ላይ።

ደሙ ቀስ ብሎ መጣ። ቱቦው ሞላ።
ስም አይጻፍበትም፤ ቁጥር ብቻ። በበረዶ ሣጥን
ነገ ማለዳ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ምሥጢሩ ከተፈታ ሊፈታ።
«ለታደለች ይሰጧታል?» አለኝ።
እንደዚያ እንዳልሆነ፣ ለእሷ የሦስት ወር ክኒን እንዳለ፣
ተራ እየጠበቀች እንደሆነ ነገርኩት።
ጥጡን ተጭኖ ሰማኝ።
«ከእኔ ቢቀዳላት ይፈጥን ነበር» አለ።

ቱቦው መዳፌ ላይ ገና ትኩስ ነው።
መሳቢያዬን ስቤ ያልተከፈቱ መርፌዎች አወጣሁለት፣ አራት።
ቆጠራቸው። ሁለቱን ጠረጴዛው ላይ መለሳቸው።
«ሁለት ነን» አለኝ።